የንግድ መርከቦች የሚያዛምቷቸው ወራሪ የባሕር ዝርያዎች፦ ታንኩ ሕግ አገኘ፣ የመርከቡ አካልስ?

ባሕረተኛ ከቢሾፍቱ

ሰላም ለመድረኩ ተሳታፊዎች። ባቦጋያ ሠልጥኜ በውጭ የንግድ መርከቦች ላይ በሞተር ክፍል መኰንንነት እሠራለሁ። የባሕር ብክለት ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ስለ ፈሰሰ ነዳጅና ስለ ፕላስቲክ በመሆኑ፣ መርከቦች ከአንዱ ባሕር ወደ ሌላው ስለሚያጓጉዟቸው ሕይወት ያላቸው ነገሮች በአማርኛ ተጽፎ የማየው በጣም ጥቂት ነው። ጉዳዩ የዕለት ሥራዬ ስለሆነ የማውቀውን ላካፍል፤ እናንተም የምታውቁትን ጨምሩበት፣ ያልጠራላችሁንም ጠይቁ።

ጭነቷን ያራገፈች መርከብ ባዶዋን ውቅያኖስ አታቋርጥም። ከቀለለች ከውሃው በላይ ከፍ ትላለች፤ ፕሮፔለሯና መሪዋ በሚገባ አይሰጥሙም፣ ነፋስና ማዕበልም ያንገላታታል። ስለዚህ ጭነት በምታራግፍበት ወደብ የዚያኑ ወደብ ውሃ በፓምፕ ስባ ታንኮቿን ትሞላለች፣ ጭነት ወደምትጭንበት ወደብ ስትደርስ ደግሞ ያንኑ ውሃ ትደፋዋለች። ባላስት የምንለው ይህን ውሃ ነው። የብረት ማዕድን የሚጭኑት ግዙፍ መርከቦች በአንድ ጉዞ ከ50,000 ቶን በላይ ሊይዙ ይችላሉ። ከውሃው ጋር የዓሣና የሸርጣን እንቁላል፣ እጭ፣ አልጌ፣ ባክቴሪያና ከወደቡ ወለል የተነሳ ደለል አብሮ ይገባል። ደለሉ ታንኩ ወለል ላይ ይተኛል፤ አንዳንድ መርዛማ አልጌዎችም ጠንካራ ሽፋን ለብሰው በዚያ ጭቃና ጨለማ ውስጥ ለብዙ ወራት ሳይሞቱ ይቆያሉ።

ጄምስ ካርልተንና ጆናታን ጌለር የተባሉ ተመራማሪዎች ከጃፓን ተነስተው በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ኩስ ቤይ ወደብ የደረሱ 159 የጭነት መርከቦችን ባላስት መርምረው 367 ዓይነት ሕያዋን ማግኘታቸውን እ.ኤ.አ. በ1993 አሳትመዋል። ወደ ኩስ ቤይ ይመጡ የነበሩት መርከቦች ብዙዎቹ የተከተፈ እንጨት ለመጫን ስለነበር የሚደርሱት ከጭነት ባዶ፣ ከጃፓን ውሃ ግን ሙሉ ሆነው ነው።

ከጉዳቶቹ ሁሉ ይበልጥ የሚጠቀሰው በጥቁር ባሕር የደረሰው ነው። ኔሚዮፕሲስ የሚባል፣ ርዝመቱ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ጄሊ መሰል ፍጡር የትውልድ ቦታው የአሜሪካ አህጉር የአትላንቲክ ጠረፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጥቁር ባሕር ውስጥ ታየ። አንዱ ፍጡር ወንዴም ሴቴም ስለሆነ ብቻውን መራባት ይችላል፤ በቀን በሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ይጥላል፤ የሚበላው ደግሞ ዓሣዎች የሚመገቡትን ፕላንክተን (በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ሕያዋን)፣ አልፎም የዓሣውን እንቁላልና እጭ ነው። በዚያው አሥርት ዓመት ማብቂያ ቁጥሩ ከልክ አለፈ፤ ቱርኮች ሃምሲ የሚሉት የአንቾቪ ዓሣ ምርትም ወደቀ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በቮልጋና በዶን ወንዞች መካከል በተቆፈረው ቦይ በሚያልፉ መርከቦች ተሻግሮ ካስፒያን ባሕር ገባና ኪልካ የሚባለውን ዓሣ እያጠመዱ የሚኖሩትን ሰዎች ኑሮ አናጋ።

የባላስት ውሃን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነት የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2004 ሲሆን፣ ከዓለም የንግድ መርከቦች ቶን ቢያንስ 35 በመቶ የሚሆነው በባንዲራቸው ሥር የሚገኝ 30 አገሮች እስኪቀበሉት ድረስ እየተጓተተ በሥራ ላይ የዋለው በ2017 ነው። በመጀመሪያ የተጠየቀው ውሃውን ከየብስ ርቆ ጥልቅ ውቅያኖስ ላይ መለወጥ ነበር። ከመስከረም 2024 ጀምሮ ግን ስምምነቱ የሚመለከታት መርከብ ሁሉ የምትደፋው ውሃ የተቀመጠለትን ልክ ማሟላት አለበት፤ በአንድ ሜትር ኩብ ውሃ ውስጥ 50 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሃያኛ) እና ከዚያ በላይ የሆኑ በሕይወት ያሉ ነገሮች ከ10 ማነስ ይኖርባቸዋል። ለዚህም ማጣሪያና አልትራቫዮሌት ጨረር፣ ወይም ከራሱ ከባሕር ውሃ ክሎሪን የሚያመነጭ መሣሪያ ተገጥሟል።

እኔን አሁን የሚያሳስበኝ ከታንኩ ውጭ ያለው ነው። ሞተር የሚያቀዘቅዘው የባሕር ውሃ በመርከቧ ጎንና ታች ባሉ መግቢያዎች ገብቶ በወፍራም ወንፊት ያልፋል። ሞቃት ወደብ ላይ መልህቅ ጥላ ለሳምንታት የቆየች መርከብ ወንፊት ሲከፈት፣ ዛጎል ለበሶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ቀዳዳውን ሁሉ ደፍነውት፣ በመካከላቸው ትንንሽ ሸርጣኖች ሲራወጡ ይታያሉ፤ ሽታው ከሞተር ክፍሉ እስከ ደረጃው ድረስ ይከተላል። ወንፊቱን አጥበን እንመልሰዋለን። ከወንፊቱ በፊት ያለው ክፍተት፣ የመሪው መታጠፊያ፣ የፕሮፔለሩ ዙሪያና መርከቧ ለጥገና ስትቀመጥ እንጨት ተደግፎ ቀለም ያልነካው የሆዷ ክፍል ግን እንዳለ ይጓዛል። ለዚህ እንደ ባላስቱ ሁሉንም አገሮች የሚያስገድድ ዓለም አቀፍ ስምምነት ሥራ ላይ አልዋለም፤ ያለው እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣና በ2023 የተሻሻለ መመሪያ ብቻ ነው።

ጣና ዳር

ለዝርዝሩ አመሰግናለሁ። የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ዘወትር የሚጠይቁኝን አንድ ነገር እዚህ ላይ ማስረዳት ይገባል፤ «በየቀኑ ይህን ያህል ፍጡር የሚጓጓዝ ከሆነ ባሕሩ ሁሉ እስካሁን እንዴት አልተቀላቀለም?» ይላሉ።

ከሚጓዙት አብዛኞቹ ይሞታሉ። ታንኩ ጨለማ ነው፣ ኦክስጅኑ ይቀንሳል፣ ሙቀቱ ይለዋወጣል። የተረፉት ደግሞ የሚደፉበት ውሃ ጨውና ሙቀት ሊስማማቸው፣ የሚበሉት ሊያገኙ፣ ሊራቡም ይገባል። አንድ ጊዜ በመጣ ጥቂት እጭ ምክንያት ወረራ ብዙም አይነሳም። መርከቦች ግን በተመሳሳይ መስመር ሳያቋርጡ ይመላለሳሉና ያው ዝርያ በየጊዜው፣ በየወቅቱ፣ በብዛት ይደርሳል። አንዱ ጭነት በክረምት ደርሶ ቢያልቅ ሌላው በበጋ ደርሶ ይይዛል። ስለዚህ የወረራን ዕድል ከሚወስኑት ነገሮች ዋነኛው የመድረሱ ብዛትና ድግግሞሽ ነው፤ የባላስቱ ሕግ ቁጥሩን ወደ ዜሮ ሳያወርድ ከ10 በታች ይሁን ማለቱ ትርጉም የሚኖረውም ለዚህ ነው።

ከደረሰ በኋላ ደግሞ ለዓመታት ድምፁ ሳይሰማ ሊቆይ ይችላል። እምቦጭን በጣና ያየን ሰዎች ይህ አይገርመንም። እምቦጭ የመጣበት መንገድ ከመርከብ ባላስት ጋር የማይገናኝ፣ ተክሉም የጨው ውሃ የማይችል ነው፤ ነገር ግን በሐይቁ ላይ መኖሩ በይፋ ከተነገረበት ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ስንት ሺህ ገበሬ ወገቡ ድረስ ውሃ ገብቶ በእጁ እየነቀለ፣ ስንት ማሽን ተገዝቶ፣ ዛሬም ከሐይቁ አለመጥፋቱን እናውቃለን። ሐይቅ ዳርቻው ይታያል፤ ባሕር ወለል ላይ የተቀመጠን ዛጎል ለበስ ማን ይነቅለዋል?

ትራንዚተሩ

ጅቡቲ ወደብ ላይ ለአገራችን የሚመጣ ጭነት አስተላልፋለሁ። የስንዴና የማዳበሪያ ብትን ጭነት ይዘው የሚመጡ መርከቦችን በየጊዜው አያለሁ። ከጥቁር ባሕርም ከሌላም ይመጣሉ። እንግዲህ ከላይ በተጻፈው መሠረት እነዚህ መርከቦች የጥቁር ባሕርን ጄሊ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ እየደፉት ነው ማለት ነው? የገቢና የወጪ ንግዳችን ከሞላ ጎደል በዚህ በር ስለሚያልፍ ጥያቄው ለእኛም የሚቀርብ ይመስለኛል።

ባሕረተኛ ከቢሾፍቱ

@ትራንዚተሩ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ብዙ ሰው ከሚጠብቀው በተቃራኒ ነው። ስንዴ ሞልታ ጅቡቲ የምትደርስ መርከብ ክብደቷ ጭነቱ ስለሆነ የያዘችው ባላስት ጥቂት ነው። እህሉ በመምጠጫና በክሬን እየወጣ በቀለለች ቁጥር ግን የጅቡቲን ውሃ እየሳበች ትሞላለች፤ ስትሄድም የታጁራን ውሃ ይዛ ቀጣዩን ጭነት ወደምትጭንበት ወደብ ትሄዳለች። አገራችን ከምትልከው ይልቅ የምታስገባው በክብደት እጅግ ስለሚበልጥ፣ በብትን ጭነት በኩል ጅቡቲ ከባላስት ተቀባይነቷ ሰጪነቷ ያመዝናል። በተቃራኒው የድንጋይ ከሰል፣ የብረት ማዕድን፣ የድፍድፍ ነዳጅ ወደቦች ባዶ መርከብ እየተቀበሉ ሙሉ ስለሚሸኙ የዓለም ባላስት ወደ እነርሱ ይፈስሳል። የአውስትራሊያ የማዕድን ወደቦችና የፋርስ ባሕረ ሰላጤ አገሮች የነዳጅ ወደቦች ለዚህ ምሳሌ ናቸው።

ይህ ማለት ግን ጅቡቲ ከአደጋው ውጭ ነች ማለት አይደለም። መርከቧ ሙሉም ትሁን ባዶ፣ አካሏ ላይ የተለጠፈው አብሯት ይመጣል። እንዲያውም ጭነት የሞላች መርከብ በውሃ ውስጥ የምትሰጥመው ይበልጥ ነው። ብትን ጭነት ደግሞ ለማራገፍ ቀናት ይፈጃል፤ ወረፋ ካለም መልህቅ ጥሎ መጠበቅ ይመጣል። የተለጠፈው ዛጎል ለበስ እንቁላሉን የሚጥልበት በቂ ጊዜ አለው። የኮንቴይነር መርከቦችም በየወደቡ ጥቂት እየጫኑ ጥቂት እያራገፉ ባላስታቸውን በየቦታው ስለሚያስተካክሉ ሒሳባቸው ከዚህ የተወሳሰበ ነው።

ሰብለ ከአሽቀሎን

ወደ እኛ ስትመጡ ነገሩ በዓይን ይታያል። በአሽቀሎን በበጋ ወራት ልጆቻችንን ባሕር ይዘን ስንሄድ መጀመሪያ የምንጠይቀው ጄሊፊሽ መጥቷል ወይ ብለን ነው። ነጭ ሰማያዊ፣ ሲነካ የሚያቃጥል፣ ድስት የሚያህል ነው፤ ባሕሩ ከመለሰው በኋላ በአሸዋው ላይ ተዘርግቶ ሳለ እንኳ የረገጠውን ሰው እግር ይለበልባል። ሮፒለማ ኖማዲካ ይባላል፤ በእስራኤል ጠረፍ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2011 በሐዴራ የሚገኘው የኤሌክትሪክ ማመንጫ የማቀዝቀዣ ውሃ በሚስብበት በኩል በብዛት ገብቶ በብዙ ቶን እየተዛቀ ሲወጣ በቴሌቪዥን አይተናል።

ይኸኛው በባላስት ብቻ የሚገለጽ አይደለም። የመጣው ከቀይ ባሕር ወገን በስዊዝ ቦይ ነው። ቦዩ እ.ኤ.አ. በ1869 ሲከፈት በመካከሉ መራራ ሐይቆች የሚባሉት ወለላቸው ወፍራም ጨው ስለነበረ ውሃቸው ለብዙ ፍጡራን የማይቻል አጥር ነበር። ያ ጨው በአሥርት ዓመታት እየሟሟ ሄደ፣ ቦዩም ለትልልቅ መርከቦች ሲባል በየጊዜው እየሰፋና እየጠለቀ መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ከፊሉ ጎን ለጎን ሁለት ሆነ። ሌላም አጥር ነበር። በየዓመቱ የክረምቱ ጎርፍ ሲደርስ ዓባይ ወደ ሜዲትራኒያን የሚያፈስሰው ጨው አልባ ውሃ በደልታው ፊት ለፊት ተዘርግቶ ከቦዩ የወጡትን ወደ ምሥራቁ ጠረፍ እንዳያልፉ ያግድ ነበር። የአስዋን ግድብ ውሃውን ከያዘው በኋላ ያ አጥር ቀረ። የዚያ ጎርፍ አብዛኛው ከእኛ ተራሮች የሚወርድ መሆኑን ሳስብ ይህ ባሕር ከአገራችን ያን ያህል ሩቅ አይመስለኝም።

ዛሬ በቦዩ በኩል ሜዲትራኒያን የገቡት መጤ ዝርያዎች ከ400 በላይ እንደሚሆኑ ይገመታል። ከእነርሱ አንዱን ለወገኖቼ በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ፤ ጎኑ የብር ቀለም ያለው፣ ጀርባው ነጠብጣብ፣ አራት ጥርሱ እንደ በቀቀን መንቆር የወጣ ዓሣ አለ። በምሥራቅ ሜዲትራኒያን የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2003 ገደማ ነው። ውስጡ ቴትሮዶቶክሲን የሚባል መርዝ አለው፤ በመቀቀልም በመጥበስም አይጠፋም፣ ጡንቻን አሽመድምዶ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። በእስራኤል በልተውት ሆስፒታል የገቡ ሰዎች አሉ፤ ለገበያ ማቅረቡም የተከለከለ ነው። በመንጠቆ ዓሣ የምታጠምዱ ካላችሁ፣ ነፃ ያገኛችሁት ቢሆንም ወደ ቤት አትውሰዱት።

ጥያቄ አለኝ

የጉዳዩን ክብደት አልክድም፤ ነገር ግን ሁለት ነጥቦች ላይ ጥንቃቄ ቢደረግ ደስ ይለኛል። አንደኛው፣ የጥቁር ባሕርን ውድቀት በአንድ ጄሊ ላይ መጫን ተገቢ አይመስለኝም። በዚያው ዘመን ዳንዩብ ከግማሽ አውሮፓ የሚያወርደው የማዳበሪያ እጣቢ ባሕሩን በአልጌ ሞልቶት ነበር፤ ዓሣውም ከመጠን በላይ ይጠመድ ነበር። ሁለተኛው፣ እነዚህ መሣሪያዎች ለአንዲት መርከብ እንኳ ብዙ መቶ ሺህ ዶላር የሚፈጁ ከሆነ ወጪው ዞሮ ዞሮ የማጓጓዣ ዋጋ ላይ ይጨመራል። ወደብ የሌላት፣ ስንዴና ማዳበሪያ በመርከብ የምታስገባ አገር ዜጋ ይህን ሲሰማ «የማን ባሕር ይጸዳ ብዬ ነው የምከፍለው?» ቢል አይፈረድበትም።

ጣና ዳር

@ጥያቄ አለኝ፣ በመጀመሪያው ነጥብ እስማማለሁ፤ ጨምሬም ላጠናክረው። ጄሊው ያን ያህል የሠለጠነው ባሕሩን ተዳክሞ ስላገኘው ነው። ትልልቆቹ ዓሣዎች ቀድመው ስለተመናመኑ ተፎካካሪ አልነበረውም፣ በማዳበሪያው ምክንያትም ፕላንክተኑ ተትረፍርፎ ነበር። ኋላም የተገታው በሰው ብልሃት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1997 ቤሮይ የሚባል፣ ምግቡ ኔሚዮፕሲስ ራሱ የሆነ ሌላ ጄሊ መሰል ፍጡር እንደዚሁ ከውጭ ደርሶ ቁጥሩን ቀነሰው። አንዳንዶች ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው ጠላቱን እናምጣለት» ይላሉ፤ ነገር ግን ቤሮይ እንደ ኔሚዮፕሲስ ካሉ ጄሊ መሰል ፍጡራን በቀር ሌላ ነገር የማይበላ መሆኑ እንዲያው የሆነ መልካም አጋጣሚ ነው፣ የሚቀጥለው እንግዳ እንደዚያ ለመሆኑ ዋስትና የለም።

ዝርያዎች ከጥንትም ይንቀሳቀሱ ነበር ለሚሉትም የሳን ፍራንሲስኮን ባሕረ ሰላጤ ልጥቀስ። አንድሩ ኮኸንና ከላይ የተጠቀሰው ካርልተን እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጥናት በባሕረ ሰላጤው 234 መጤ ዝርያዎችን ቆጥረዋል፤ ከ1961 እስከ 1995 ባለው ጊዜ በአማካይ በየ14 ሳምንቱ አንድ አዲስ ዝርያ ሥር ይሰድድ ነበር። በነፋስና በማዕበል የሚሆነው መስፋፋት እንዲህ ባለ ፍጥነት አይሄድም።

«የማን ባሕር» ለሚለው ደግሞ የኮሌራን ታሪክ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1991 በፔሩ ጀምሮ ላቲን አሜሪካን ያዳረሰው ወረርሽኝ በነበረበት ወቅት፣ በዚያው ዓመት በአሜሪካ አላባማ ሞቢል ባሕረ ሰላጤ በሚገኙ ኦይስተሮች (የሚበሉ ዛጎል ለበሶች) ውስጥ ያው የኮሌራ ባክቴሪያ ተገኘ፤ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ወደቦች ቆመው ከነበሩ አምስት የጭነት መርከቦች ውሃም ተለይቶ ወጣ። በባላስቱ ስምምነት ላይ ለኮሌራ ባክቴሪያ በስም የተለየ ልክ የተቀመጠው በከንቱ አይደለም። የወጪውን ነገር በተመለከተ፣ በብዝኃ ሕይወት ላይ የሚሠራው የመንግሥታት የሳይንስ መድረክ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ግምገማ በየብስም በውሃም ያሉ ወራሪ መጤ ዝርያዎች በዓለም ላይ የሚያደርሱት ጉዳት በ2019 ከ423 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደነበር አስልቷል። ከመሣሪያው ዋጋ ጋር ሲመዛዘን መታየት ያለበት ይህ ነው።

ሐኪም ድሬ

ሐሳቡን ትንሽ ከባሕሩ ወጣ ላደርገው ነው፤ ግንኙነት ስላለው ይቅርታ አድርጉልኝ። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የእስያ የወባ ትንኝ በአፍሪካ ቀንድ መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ ከተማ ነው። በእኛ አገር በ2016 ቀብሪ ደሐር ላይ ተለየች። ተመራማሪዎች በመርከብ ንግድ በኩል ሳትገባ እንዳልቀረች ያምናሉ። ጅቡቲ በ2012 የነበሯት የተረጋገጡ የወባ ሕሙማን 27 ብቻ ነበሩ፤ በ2020 ከ73,000 በላይ ሆኑ። ይህች ትንኝ እንደ አገሬው ትንኝ ረግረግ አትጠብቅም፤ ከተማ ውስጥ በርሜልና የውሃ ማጠራቀሚያ ይበቃታል። በ2022 በድሬዳዋ ወባ ከክረምቱ ዝናብ በኋላ ሳይሆን በደረቁ ወቅት ሲነሳ የሠራነው እናውቀዋለን። @ጥያቄ አለኝ፣ ወደብ የሌላት አገር የሚያገባት ምንድን ነው ላሉት የእኔ መልስ ይህ ነው፤ ጭነቱ የሚያልፍበት በር የሌላ ቢሆንም የሚገባው ነገር እኛው ቤት ይደርሳል።

ወንድወሰን ሜልቦርን

በምኖርበት ከተማ ፊት ለፊት ያለው ፖርት ፊሊፕ ባሕረ ሰላጤ የሰሜን ፓስፊክ የባሕር ኮከብ ሠፍሮበታል። የጃፓንና የአካባቢው ዝርያ ነው፤ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ወደ ታዝማኒያ ደርሶ ከዚያ ወደ እኛ ተሻገረ። በባሕረ ሰላጤው የመጀመሪያው የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1995 ነበር፤ በ2000 ግምቱ 12 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ። ክንዶቹ አምስት፣ ጫፎቻቸው ወደ ላይ የተቆለመሙ፣ ቢጫ ከወይን ጠጅ የተቀላቀለበት ነው። ዛጎል ለበሶችን አቅፎ ይዞ ቀስ በቀስ ከፍቶ ይበላቸዋል። ሴቷ በዘመኗ በሚሊዮኖች የሚቆጠር እንቁላል የምትጥል ሲሆን እጩ ለወራት በውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ለባላስት ፓምፕ እንደ ተዘጋጀ ማለት ይቻላል። ታዝማኒያ ውስጥ በክንፎቹ በወለሉ ላይ የሚራመድ ብርቅዬ ዓሣ አለ፤ እንቁላሉን የሚያያይዝባቸውን ፍጡራን የባሕር ኮከቡ ስለሚበላበት ዓሣው ራሱ ሊጠፋ ተቃርቧል። ጠላቂ ዋናተኞች ብዙ ለቅመዋል፤ ያለቀለት ነገር ግን የለም።

ከዚህ ጋር የምታነጻጽሩት የዳርዊንን ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1999 በዳርዊን የጀልባ ማቆሚያዎች ውስጥ ባለ ጥቁር መስመር የሚባል የመካከለኛው አሜሪካ ዛጎል ለበስ ተገኘ። ከጥቂት ወራት በፊት በተደረገ ፍተሻ አልነበረም፤ ሲገኝ ግን የማቆሚያዎቹን ምሰሶና ሰንሰለት አልብሶት ነበር። የመጣው በጀልባ አካል ላይ ተለጥፎ ሳይሆን አይቀርም። በዚያ ከተማ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት በጣም ከፍተኛ ስለሆነ ማቆሚያዎቹ በሮች አሏቸው፤ በሮቹ ተዘጉ፣ ክሎሪንና የመዳብ ሰልፌት ተጨመረ፣ ቀደም ብለው የወጡት በመቶዎች የሚቆጠሩ ጀልባዎችም እየተፈለጉ ተመረመሩ። በማቆሚያዎቹ ውስጥ የነበረው ሕይወት ሁሉ ሞተ። በሳምንታት ውስጥ ወራሪው ጠፋ። ሊሳካ የቻለው በመደበኛ ፍተሻ ወዲያው ስለታወቀና ውሃው የሚዘጋ በር ስለነበረው ብቻ ነው። ክፍት ባሕር ላይ ቢሆን ማንም አይሞክረውም።

ትራንዚተሩ

ከዚህ በኋላ ጥያቄዬ ሌላ ሆነ። መርከቧ ባለ ሰርተፍኬት ከሆነችና መሣሪያው ከተገጠመላት ባላስቱ አለቀለት ማለት ነው? አካሏንስ ማጠብ ምን ያህል ይከብዳል? ትልቅ ላቦራቶሪ የሌለው ወደብስ ምን ማድረግ ይችላል?

ባሕረተኛ ከቢሾፍቱ

በቅደም ተከተል ልመልስ።

መሣሪያ መገጠሙ መልካም ነው፤ ሁልጊዜ እንደሚሠራ ግን አትውሰዱት። በወንዝ አፍ ያሉ ወደቦች ውሃቸው ደፍራሳ ስለሆነ ማጣሪያው በደቂቃዎች ይደፈናል፤ ጨረሩም በድፍርሱ ውስጥ አያልፍም። ከጨው ክሎሪን የሚያመነጨው ደግሞ ውሃው ጨው ካነሰው ኃይሉ ይቀንሳል። በዚያን ጊዜ ጭነት አራጋፊው ይቸኩላል፣ የወደብ ኪራይ ይቆጥራል፣ መኰንኑም በፓምፑና በማጣሪያው መካከል ተይዞ ይቆያል። ወደ አሮጌው ዘዴ፣ ውሃውን መካከለኛ ውቅያኖስ ላይ ወደ መለወጥ መመለስም አለ፤ ያም አደጋ አለበት። ኩጋር ኤስ የተባለችው መኪና ጫኝ መርከብ እ.ኤ.አ. በ2006 ከአላስካ ደሴቶች ደቡብ ባላስት በመለወጥ ላይ ሳለች ሚዛኗን ስታ፣ ከ4,700 በላይ መኪናዎች እንደያዘች በጎኗ ተኝታለች፤ ሠራተኞቿ በሄሊኮፕተር ተነስተው ተርፈዋል።

ስለ አካሏ። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ትራይቢዩቲልቲን የሚባል የቆርቆሮ ውህድ ያለበት ቀለም ይቀባ ነበር፤ ምንም ነገር አይለጠፍበትም። በባሕሩ ላይ ያደረሰው ግን ከባድ ሆነ። እጅግ ጥቂት ሆኖ እንኳ በውሃው ሲሟሟ ሴት የባሕር ቀንድ አውጣዎች የወንድ ብልት አበቀሉ፣ መራባትም አቆሙ፤ በፈረንሳይ አርካሾን የኦይስተር እርባታውን አበላሸ። በዓለም አቀፍ ስምምነት ሙሉ በሙሉ የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። ዛሬ በብዛት የምንቀባው መዳብ ያለበት ቀለም ነው፤ መርከቧ ስትንቀሳቀስ ይሠራል፣ ቆማ ስትቆይ ይደክማል። ስለዚህ መርከቦች ሥራ አጥተው ወይም ወረፋ ይዘው ሞቃት ውሃ ላይ በቆሙ ቁጥር ልጣፊው ይጨምራል። በወደብ ውስጥ በጠላቂ ማስፋቅም አለ፤ ነገር ግን የተፋቀው በቦርሳ ተሰብስቦ ካልወጣ ወራሪውን እዚያው ወደብ ላይ ዘርቶ መሄድ ነው፣ የቀለሙ መዳብም አብሮ ይወርዳል። ኒው ዚላንድ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የሚመጣ መርከብ ሁሉ በንጹሕ አካል እንዲደርስ በሕግ ታስገድዳለች፤ ያላሟሉ መርከቦችም ውሃዋ ውስጥ ገብተው እንዳይቆዩ ተደርገዋል። የመርከብ ባለቤቶችም ሊቃወሙት የሚገባቸው አይመስለኝም፤ ልጣፊ የበዛበት አካል ውሃውን እየጎተተ ነዳጅ ያስጨርሳል፣ ስለዚህ ማጽዳቱ የእነርሱም ጥቅም ነው።

ላቦራቶሪ ስለሌለው ወደብ። በመጀመሪያ መዝገብ ማየት ገንዘብ አይጠይቅም። እያንዳንዷ መርከብ የባላስት መዝገብ አላት፤ የት እንደሳበች፣ የት እንዳከመች ወይም እንደለወጠች፣ የት እንደደፋች ተጽፎበታል። ጥልቅ ውቅያኖስ ላይ ለወጥኩ ያለች መርከብ ውሃዋ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው ሊኖረው ይገባል፤ በእጅ የሚያዝ የጨው መለኪያ የወንዝ አፍ ውሃ ይዛ ከሆነ ወዲያውኑ ይናገራል። በሁለተኛ ደረጃ ካፒቴኑን ሁለት ነገር መጠየቅ ነው፤ ለመጨረሻ ጊዜ ከውሃ ወጥታ የተቀባችው መቼ ነው፣ ከዚያ ወዲህስ የትኛው ወደብ ላይ ለረጅም ጊዜ ቆመች? ከሁለቱ መልስ የትኛዋ መርከብ ጠላቂ እንደሚያስፈልጋት መለየት ይቻላል።

ሦስተኛው እኔ ከሁሉ አብልጬ የምመክረው ነው። መዳፍ የሚያክሉ የፕላስቲክ ሰሌዳዎች በገመድ ታስረው ከመርከብ ማቆሚያው ሥር፣ ከውሃው ወለል ጥቂት ሜትር ዝቅ ብለው ይንጠለጠላሉ። በየሦስት ወሩ ይወጣሉ፣ ፎቶግራፍ ይነሳሉ፣ የተለጠፈባቸው ተለቅሞ በአልኮል ይቀመጣል፣ ሌላ ሰሌዳ ይተካል። የሚፈጀው ገመድ፣ ፕላስቲክ፣ ጠርሙስና በትዕግሥት የሚመለከት ሰው ነው። በዚህ መንገድ ወደቡ ውስጥ ዛሬ ያለው ምን እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ነገ አዲስ ነገር ሲታይም እንደ ዳርዊን ገና በሳምንታት ዕድሜው ይያዛል። @ጣና ዳር፣ እርስዎ ጋ የዓሣና የውሃ ሳይንስ የሚያጠኑ ተማሪዎች ካሉ፣ የጅቡቲን ሰሌዳዎች የሚለይ ዐይን ማሠልጠን የሚቻል ይመስልዎታል?

ጣና ዳር

ይቻላል፤ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ግን የአካባቢው የራሱ የሆኑ ዝርያዎች የተለዩበት የናሙና ስብስብ ነው፤ ያለዚያ ተማሪው መጤውን ከነባሩ አይለይም። @ትራንዚተሩ፣ በመጀመሪያው ዙር የሚወጡትን ሰሌዳዎች ፎቶግራፍ፣ ቀኑና ማቆሚያው ተጽፎበት፣ ወደዚህ ክር ለመላክ የሚፈቅድ ሰው ወደቡ ላይ ካለ ንገሩኝ፤ መለየቱን እኔ ከተማሪዎቼ ጋር እጀምራለሁ።